ፈሰሰ የተባለው ጭማቂ

ሲቨርት ኮስተር ሚስቱን ከቀበረ በኋላ ሰው «እንዴት ነህ?» ሲለው «አለሁ» ይል ነበር። ውሸት አልነበረም፤ መኖሩንስ አለ። ጠዋት ይነሳል፣ ቀይ ሥሩን ከቀዝቃዛው ጎተራ ያወጣል፣ ያጥባል፣ ለገበያ ይጭናል፣ ማታ ድንች ቀቅሎ ከልጁ ጋር ይበላል። ከዚያ ወዲያ ምንም አይሰማውም። በቀብሯ ዕለት እንኳ፣ የመንደሩ የዝዋንሜር ሰው ተሰልፎ እጁን እየጨበጠ «በርታ» ሲለው፣ እሱ የሚያስበው የተቆረሰው ኬክ ለሁሉም ይዳረስ እንደሆነ ብቻ ነበር። ኬኩ ተረፈ። የተረፈውን ከልጁ ጋር ቁርስ እያደረጉ ጨረሱት።

መንደሩ ይህን ሳያይ አልቀረም። በእኛ አገር ሰው ሲያለቅስ ያፍራል፣ ሳያለቅስ ሲቀር ደግሞ ይታማል፤ መውጫ የለውም። «ጠብ አላለችውም» አሉ ሴቶቹ። «ሃያ ዓመት አብራው ኖራ፣ አንዲት እንባ!» ሲቨርትም ሰማ። ቅር ይለው እንደሆነ ብሎ ራሱን አዳመጠ፤ ቅርም አላለው።

ሟቿ ሊዝቤት የመንደሩ ጥርስ ሐኪም ረዳት ነበረች። ሲቨርት ያገኛትም መንጋጋውን ሊያስነቅል ሄዶ ነው። ሐኪሙ የማደንዘዣውን መርፌ ወግቶት ወጣ፤ እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ ወሬዋን ጀመረች። እሱ አፉ ደንዝዟል፣ መልስ ከየት ይምጣ? «ሳያቋርጥ የሚያዳምጥ ወንድ ያየሁት ያን ቀን ነው» ትል ነበር ኋላ። ድንዛዜው ሲለቀው ተናጋሪ የሚሆን መስሏት ተታለለች። እሷ ስታወራ እሱ ሲሰማ ኖሩ፤ ለሁለቱም ተስማማቸው። ባለፈው ጥር አንድ ማለዳ ወደ ሥራ ልትሄድ ብስክሌቷን ስታወጣ ደጃፍ ላይ ወደቀች። ልቧ ነው አሉ።

አንድ ልጅ ወልደዋል፤ ቴይመን፣ አሥራ ስድስት ዓመቱ። ቀጭን፣ ረጅም፣ በግራ እግሩ ኳስ የሚያናግር። ሁለቱ ወንዶች ብቻቸውን ሲቀሩ ከቤቱ ወሬ ጠፋ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የሲቨርት ቤት ዝምታ ግን ነቀዘ። «ጨው አቀብለኝ»፣ «ነገ ዝናብ ነው»፣ «ጎማዬ ተንፍሷል»፤ ይኸው ነበር ወሬያቸው። የሊዝቤትን ስም አባትየውም ልጅየውም አያነሱም። ማን እንደ ከለከለ አይታወቅም። ማንም አልከለከለም።

ቴይመን ግን አንድ የሚፈልገው ነገር ነበረው። በየዓመቱ ግንቦት ላይ የከተማው ትልቅ ክለብ ከየመንደሩ ልጆች ጠርቶ ይፈትናል፤ ያለፈ እዚያው ክለቡ ግቢ እየኖረ ይማራል፣ ይጫወታል። ከዝዋንሜር የሚላከው አንድ ስም ነው። ስሙን የሚልከው ደግሞ አሠልጣኙ ሃርመን ነው፤ በሥራው መኪና መንዳት ያስተምራል፣ ሜዳ ላይም ያው ነው፣ ሁሉን ነገር በመስታወት ያያል። ቴይመን ይህችን ዕድል ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያልማት ኖሯል። ሲቨርት ምንም አይሰማው እንጂ ይህ እንዲሳካ ይፈልግ ነበር። በዓለም ላይ ከሚፈልገው ነገር የቀረው ይኸው ብቻ ነበር።

በየካቲት ሃርመን አንዲት ልጅ ይዞ ጎተራው ድረስ መጣ። ፌና ትባላለች፤ ዩኒቨርሲቲ ስለ ስፖርተኛ አመጋገብ የምታጠና፣ አፍንጫዋ በብርድ የቀላ።

«ሲቨርት፣ ይህች ልጅ ቀይ ሥር ያስሮጣል ትላለች» አለ ሃርመን።

«ማንን?» አለ ሲቨርት።

«ልጆቹን ነዋ! አንተንማ ምን ያስሮጥሃል።»

ፌና ሳቀችና አስረዳች። የቡድኑ ልጆች ለስድስት ሳምንት በየቀኑ አንድ ጠርሙስ የቀይ ሥር ጭማቂ ይጠጣሉ። ግማሾቹ እውነተኛውን፣ ግማሾቹ ቀለሙም ጣዕሙም ያው ሆኖ ፍሬ ነገሩ የወጣለትን። ማን የቱን እንደሚጠጣ እስከ መጨረሻው አይታወቅም። በፊትም በኋላም እየተመላለሱ ይሮጣሉ፤ ፊሽካው እየፈጠነ፣ ልጆቹ እየደከሙ፣ አንድ በአንድ እየወጡ፣ የመጨረሻው እስኪቀር። «ጋሽ ሲቨርት፣ ከፋብሪካ መግዛት እንችል ነበር» አለች፤ «ግን ልጆቹ ከሚያውቁት ማሳ ቢሆን ደስ ብሏቸው ይጠጡታል ብዬ ነው።»

ሲቨርት እሺ አለ። አባቱ ፖም ይጨምቅበት የነበረውን መጭመቂያ ከአቧራው አውጥቶ አጠበ፣ ቅባት ቀባ፣ ጨመቀ። እጁ እስከ ክርኑ ቀላ። ፌና ጭማቂውን ወስዳ፣ ግማሹን የምታደርገውን አድርጋ፣ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ጠርሙስ ሞልታ፣ በየሳጥኑ ላይ የልጆቹን ስም ለጥፋ መለሰችለት። እሱም ሰኞ ሰኞ ወደ ልምምድ ሜዳ እየወሰደ ለየልጁ ሳጥን ሳጥኑን ያድላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ስለ ሌላ ነገር ያነጋግረው ጀመር። «ሲቨርት፣ ጭማቂህ አፈር አፈር ይላል!» ይሉታል። «አፈር ውስጥ ነው የበቀለው፤ ምን ምን ሊል ኖሯል?» ይላል። እንደ ቀልድ ተቆጠረለት።

በሦስተኛው ቀን በረኛው ስታይን ከመጸዳጃ ቤት «ደም ሸናሁ!» እያለ ወጣ። እናቱ ሐኪም ዘንድ አደረሰችው። ሐኪሙ ምን እንደ በላ ጠየቀው፤ ሲነገረው ሳቁን መያዝ አቃተው። ከዚያ ወዲህ የቀላ ሽንት የጀግና ምልክት ሆነና ልጆቹ ግድግዳው ሥር ተሰልፈው «የኔ ይበልጣል፣ የኔ ይበልጣል» ይባባሉ ነበር። ትሩስ፣ የክለቡን ካንቲን የምትይዘው፣ ወለሉን የምታጸዳው እሷ ናትና ነገሩን አልወደደችውም።

ፌና በየሳምንቱ ትመጣለች። ትንንሽ ወረቀት ታድልና ልጆቹ በምላሳቸው ያረጥቧታል፤ ጭማቂው ሥራውን የጀመረለት ልጅ ወረቀቱ ይቀላል፣ ሌላው ነጭ እንደሆነ ይቀራል። የቴይመን ወረቀት ሁልጊዜ ነጭ ነበር። ማንም ልብ አላለውም፤ የውሸቱ ደርሶታል ብለው ተዉት። በስድስተኛው ሳምንት ዳግመኛ ሮጡ። ገሚሶቹ ከበፊቱ ጥቂት ጨመሩ፣ ቴይመን ግን በፊት ከደረሰበት አላለፈም።

ማታ ሁሉም ካንቲን ተሰብስቦ ፌና ስሞቹን አነበበች። «ስታይን፣ የውሸቱ» ሲባል ሳቅ ሆነ፤ ያ ሁሉ ሽንት በከንቱ። እንዲህ እያለች ወርዳ ቴይመን ጋ ደረሰች።

«ቴይመን ኮስተር፣ እውነተኛው።»

ሁሉም ነጩን ወረቀት አስታወሰ። ስታይን የራሱን እፍረት የሚያራግፍበት አገኘ።

«እንግዲያው ጠጥተውት የሮጡት ከቤታቸው ኋላ ቦይ ውስጥ ያሉት ዓሦች ናቸው!» አለ።

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ቴይመን ጆሮው ቀላ። ጃኬቱን ለበሰ፣ ብስክሌቱን ይዞ ሄደ። ሃርመን ሲቨርትን ወደ ጥግ ጎተተው።

«ቢጠላው ኖሮ ይንገረኝ ነበር» አለ። «አልጠጣም ያለ ልጅ አለ፣ ምንም አላልኩትም። ይኼ ግን በየሳምንቱ 'ጠጥቻለሁ' እያለ ፊቴ ቆሟል። ከተማ የሚላክ ልጅ ቃሉ የሚታመን መሆን አለበት። እግር ብቻ አይበቃም።»

«ማንን ልትልክ ነው?»

«አላውቅም። እሱን ግን እንዴት ልላከው? አንተ ብትሆን ትልከዋለህ?»

ሲቨርት ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ቤት ሲደርስ ልጁ ድንችና ቋሊማ አሙቆ ጠረጴዛው ላይ አቅርቦ ነበር። ሁለቱም ተቀመጡ። አባት መብላት ሳይጀምር ጠየቀ።

«ቦይ ውስጥ ደፋኸው?»

«ጠጥቻለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ወረቀቱ እኮ ነጭ ነው፣ ቴይመን። ሩጫህም ያው ነው።»

«አውቃለሁ። ግን ጠጥቻለሁ።»

«ውሸታም» አለ ሲቨርት።

ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ዝናብ ነው እንደሚል ሰው ነው ያለው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ቃሏ ከወጣች በኋላ ነው ለልጁ እንዲህ ብሎት እንደማያውቅ ትዝ ያለው። ቴይመን ሹካውን አስቀመጠ፣ ሳህኑን አጠበ፣ ወደ ላይ ወጣ። ሲቨርት የራሱን ጨርሶ የልጁንም ቋሊማ በላው፤ እንዳይበላሽ።

ከዚያ በኋላ ጨው አቀብለኝም ቀረ። ልጁ ጨዋታውን ይጫወታል፣ ትምህርቱን ይማራል፣ ክፍሉን ይዘጋል። መንገድ ላይ «ዓሦቹ እንዴት ናቸው?» ይሉታል፤ ብስክሌቱን እየነዳ ያልፋል። ሲቨርት መስኮት ላይ ቆሞ ሲያልፍ ያየዋል። ልጁ ዋሸ ብሎ ያምናል፤ የሚገርመው ግን መዋሸቱም አላንገበገበውም። ጥርሱን የነቀለለት ሐኪም ያን ቀን «አሁን ምላስህን እንዳትነክስ፣ አይሰማህም» ብሎት ነበር። እሱም ሲነክስ የሰነበተ ይመስለዋል፤ ምኑን እንደሚነክስ ግን አያውቅም።

አንድ ከሰዓት ፌና ባዶ ሳጥኖቹን ልትመልስ መጣች። መኪናዋን ጎተራው በር ላይ አቁማ አብረው እያወረዱ ሳለ፣ ድንገት ሳጥን እንደ ታቀፈች ቆመች።

«ጋሽ ሲቨርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቴይመን አፉን በመድኃኒት ይጉመጠመጣል?»

«እንዴ፣ በኛ ቤት? በኛ ቤት እኮ ሳይጉመጠመጥ የሚተኛ የለም» አለ ሲቨርት። «ሊዝቤት የጥርስ ሐኪም ረዳት ነበረች። ከእራት በኋላ ሁለታችንንም መታጠቢያው ጋ ታሰልፈናለች። መስታወቱ ላይ የአሸዋ ሰዓት ለጥፋለች፤ አሸዋው ወርዶ ሳያልቅ የተፋ ይደግማል። እኔን ስንት ጊዜ አስደግማኛለች! ጠዋትም ያው ነው። መጉመጥመጫውን ከሐኪሙ ቤት በካርቶን ነበር የምታመጣው...»

እዚህ ላይ አቆመ። ከቀብሯ ወዲህ ስሟን አፉ ላይ ሲያወጣ የመጀመሪያው ነበር። ፌና ሳጥኑን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠች።

«እንግዲያው ደፍቶት አይደለም» አለች። «የቀይ ሥሩ ኃይል በቀጥታ እግር ውስጥ አይገባም፣ ጋሼ። መጀመሪያ ምላስ ላይ ያሉ ተዋህስያን ናቸው የሚለውጡት። መጉመጥመጫው እነሱን ይገድላቸዋል። እነሱ ከሌሉ ባልዲ ሙሉ ቢጠጣ ለውጥ የለውም፤ ወረቀቱም ነጭ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን እኮ ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ፤ ለስድስት ሳምንት አትጉመጥመጡ ብያቸው ነበር።»

«ነግረሻቸዋል?»

«ደጋግሜ። እሱ እንዲያውም 'ለምን?' ብሎ ጠይቆኛል።» ሳጥኑን በእግሯ ወደ ግድግዳው ገፋች። «በጥናቱ አልቆጥረውም፣ ለኔ ችግር የለውም። ለአሠልጣኙ ልንገረው?»

«ቆይ» አለ ሲቨርት። «ቆይ እስቲ።»

እሷ ስትሄድ ወደ መታጠቢያ ቤት ወጣ። ጠርሙሱ በቦታው ነበር። ቁም ሳጥኑን ከፈተ፤ ሊዝቤት ያመጣችው ካርቶን ውስጥ የቀረ ጠርሙስ የለም፣ የመጨረሻው ይኸው መስታወቱ ሥር ያለው ነው፤ እሱም ተጋምሷል። ለራሱ መቼ እንደ ተወው ሊያስታውስ ሞከረ። የጥርስ ብሩሹን እንኳ የያዘበትን ቀን ጠርጥሮ ነው የሚያስታውሰው።

ቴይመን ጓሮ በር ላይ ተቀምጦ የጫማውን ጭቃ በቢላ ይፍቃል። አባትየው በሩን ተደግፎ ቆመ።

«ፌና እንዳትጉመጠመጡ ብላችሁ ነበር አሉ።»

ቢላዋ ቆመ። «ብላናለች።»

«ታዲያ ለምን አልተውክም? ስድስት ሳምንት እኮ ነው።»

«ጠጣ አሉኝ፣ ጠጣሁ። አልዋሸሁም።»

«እሱንማ ገባኝ። እኔ የምጠይቅህ ለምን አልተውክም ነው።»

ልጁ ጫማውን ገልብጦ እያየ ቆየ። «አንተ ተውክ» አለ።

«እኔ?»

«ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ትተሃል። ማታ ማታ ሳይህ ዝም ብለህ ነው የምትተኛው። እኔም ከተውኩ በዚህ ቤት እማዬ ያለችውን የሚያደርግ ማን ይቀራል?»

ሲቨርት አሁን አንድ ነገር ሊሰማው እንደሚገባ ያውቃል። በሩን ይዞ ጠበቀው። አልመጣም። የመጣው ቃል ብቻ ነው።

«ውሸታም ብዬሃለሁ።»

«ብለሃል።»

«ተሳስቻለሁ።»

«እሺ» አለ ቴይመን፤ ቢላውን እንደገና አነሳ።

«ለሃርመን እነግረዋለሁ። ስሙን ገና አልላከም።»

«አትነግረውም።»

«ልጄ፣ ዕድልህ እኮ ነው...»

«አባዬ፣ አትነግረውም! እማዬን ካንቲን ውስጥ ክሮኬት እየበሉ እንዲያወሯት አልፈልግም። ትሩስ ታለቅሳለች። ከዚያ ሁሉም እየመጣ ትከሻዬን ይመታል፤ ስታይን ሳይቀር። ደፋው ይበሉ። ጭማቂ ነው፣ ሌላ ምን ነው?»

ሲቨርት ሌሊቱን አሰበበት ብል እዋሻለሁ፤ ተኛ። ቅዳሜ ግን ልጆቹ በሜዳቸው ሲጫወቱ፣ ዕረፍት ላይ ካንቲን ገባ። የእንግዳው ቡድን ሻይ በትልቁ ማንቆርቆሪያ ሊወጣ ተዘጋጅቷል፤ ወላጆቹ ጠረጴዛ ጠረጴዛቸውን ይዘዋል፤ ሃርመን ልጆቹን ቶሎ መክሮ ጨርሶ ቡናውን ይጠጣል። ሲቨርት ትሩስ በዘይት ከምትጠብሳቸው ክሮኬቶች አንድ አዘዘ። ከዚያ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ተናገረ።

«ሃርመን፣ ቴይመን ጭማቂውን አልደፋም።»

«ሲቨርት፣ ይህን ነገር ተወው...»

«አልተወውም። የሱን ሳጥን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ከመኪና ሳወርድ ከእጄ ወደቀ። አፈርኩና ጠርሙሶቹን በቧንቧ ውሃ ሞልቼ፣ ለቀለም ጥቂት ጠብ አድርጌ ሰጠሁት። በየሳምንቱ እንደዚያው አደረግኩ። ልጁ ያገኘውን ጠጥቷል። ውሃ ነው የጠጣው።»

ትሩስ ማንኪያዋን አንስታ እንደ ያዘች ቀረች፤ ዘይቱ ውስጥ ያሉት ክሮኬቶች ጠቆሩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእሷ ነው።

«የቧንቧ ውሃ?» አለች። «ለገዛ ልጅህ?»

«ለገዛ ልጄ።»

«ልጁ ያ ሁሉ ሲሰደብ ደግሞ ዝም ብለህ አየህ?»

«አየሁ» አለ ሲቨርት። ይህኛው እውነት ነበር።

ሃርመን ስኒውን አስቀመጠ። ሲቨርትን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ሲቨርት ሳጥን የሚጥል ሰው እንዳልሆነም ያውቃል። አፉን ሊከፍት ሲል በሩ ተከፈተና ቴይመን ማንቆርቆሪያውን ሊወስድ ገባ። ምን ያህሉን እንደ ሰማ ከፊቱ ያስታውቃል። ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። ልጁ ወደ አባቱ ጠረጴዛ መጣ፣ ከሳህኑ ላይ ክሮኬቱን አንስቶ ግማሹን ገመጠ፣ ግማሹን መለሰና ማንቆርቆሪያውን ይዞ ወጣ።

«ሰኞ ስሙን እልካለሁ» አለ ሃርመን።

ሲቨርት ከዚያን ዕለት ወዲህ «ቧንቧ» ተባለ። እስከ ዛሬም ቧንቧ ነው። ገበያ ላይ ቀይ ሥሩን ሲመዝኑ «ይኼ ከማሳ ነው ወይስ ከቧንቧ?» ይሉታል፤ ይስቁበታል። ይህ መንደር ሌላ ሥራ የለውም። በልጁ ስም ላይ የነበረው ሳቅ ወደ እሱ ዞረ፤ እሱ እንደሆነ ምንም አይሰማውም፣ ይሳቅ።

የፈተናው ቀን ጠዋት ሲቨርት ቀደም ብሎ ተነስቶ ትኩስ ጭማቂ ጨምቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ስለ መጉመጥመጫው ምንም አላለም። ለማለት ግን ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። አንድ ጠዋት ብቻ፣ ዛሬን ብቻ ብትተወው ሊል ነበር። ቴይመን ጭማቂውን በአንድ ትንፋሽ ጠጣ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ወደ ላይ ወጣ። ከላይ የውሃው ድምፅ፣ ከዚያም የመጉመጥመጡ ድምፅ ተሰማ። አባትየው ታች ሆኖ ያን ሁሉ ቀይ ሥር ወደ ውሃ ሲለወጥ አዳመጠው። ቁልፉን ይዞ ወጣና መኪናውን አስነሳ።

ፈተናው ብዙ አልቆየም። ሜዳው ምንጣፍ ይመስላል፤ ልጆቹ ከየመንደሩ የመጡ ናቸው፤ ሁሉም ፈጣኖች፣ ሁሉም ግራ እግር ያላቸው። ቴይመን አላፈረም፤ ሁለት ጥሩ ኳስ አሻገረ፣ አንዴ ተቀማ፣ በመጨረሻው ሰዓት እግሩ ዛለ። በኋላ አንድ የክለቡ ሰው ወደ አጥሩ መጥቶ እጃቸውን ጨበጠ።

«ጥሩ ልጅ ነው» አለ። «ዘንድሮ ግን አንወስደውም። ትከሻው ገና ነው፤ እዚህ ያሉትን አይቋቋምም።»

ሰውየው ሲሄድ ሁለቱ መኪናው ውስጥ ገቡ። በባሕሩ ግድብ ላይ ያለውን ረጅም መንገድ ይዘው ወደ ቤት ሄዱ። ነፋሱ መኪናውን ይገፋል፤ ከታች ማሳው ሁሉ አረንጓዴ ሆኗል። ግማሹን መንገድ ጨረሱ።

«ቴይመን» አለ ሲቨርት በመጨረሻ። «ያን ነገር ዛሬ እንኳ ብትተወው ኖሮ... ይወስዱህ ነበር ብለህ ታስባለህ?»

ልጁ ዞሮ አየው። «በጭማቂ?»

«ልጅቱ ያስሮጣል ብላለች እኮ።»

«አባዬ፣ ለስታይን ጓደኛ የጨመረለት ሁለት ምልልስ ነው፤ ሁለት! ሰውየው ትከሻህ አልደረሰም ነው ያለኝ። ቀይ ሥር ትከሻ ያበቅላል?» መሳቅ ጀመረ። «እውነት አንተ እስካሁን ይህን እያሰብክ ነው የምትነዳው? በጭማቂ!»

ሲቨርትም ሳቀ። ሳቁ ከየት እንደ መጣ አላወቀም፤ ከጥር ወዲህ ደረቱ ውስጥ የተነቃነቀ የመጀመሪያው ነገር ነው። ይህን ለሊዝቤት ስነግራት ብሎ አሰበ። ማታ ስንገባ እነግራታለሁ፣ ቀይ ሥር ትከሻ ያበቅላል ወይ እንዳለኝ፣ መታጠቢያው ጋ ቆማ ትስቃለች ብሎ አሰበ። ከዚያ እንደማይነግራት ገባው። ነገም እንደማይነግራት፣ ከነገ ወዲያም እንደማይነግራት፣ ይህን ወሬ ይዞ የሚገባበት ሰው እንደሌለው ገባው። ያኔ ነው ያለቀሰው። መንገዱ ጠፋበት። መኪናውን ከግድቡ ዳር ሣሩ ላይ አውጥቶ አቆመ፤ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ፣ ሰው ይሰማኛል ሳይል፣ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ አለቀሰ።

ቴይመን ቀበቶውን ፈታ። ምን እንደሚያደርግ አላወቀም፤ እጁን የአባቱ ጀርባ ላይ ጣል አደረገ።

«ባለመመረጤ ነው?» አለ።

ሲቨርት አይደለም በሚል ራሱን ነቀነቀ።

«አውቃለሁ» አለ ልጁ። የሱም ድምፅ ተሰብሮ ነበር። «አልቅስ፣ አባዬ። አትቸኩል። ዛሬ ልምምድ የለኝም።»